«17 ወጣልኝ!»፦ ኬሞ የሚያስቀረው ቁጥር ከየት ይመጣል?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ አክስቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። ጡቷ ላይ የተገኘችው ትንሽ እብጠት ካንሰር መሆኗ ከታወቀ፣ በቀዶ ሕክምናም ከወጣች ወር አልፏል። እኛ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን የምናወራው ስለ ኬሞው ብቻ ነበር። መቼ ይጀመራል? ማን ሄዶ ያስታምማታል? ቪዛስ ለማን ይሰጣሉ? እሷ ግን እየሳቀች «17 ወጣልኝ!» አለች። ሎተሪ የደረሳት ነው የምትመስለው።

«ምኑ ነው 17?» አለች እናቴ።

«የዕጢው ውጤት ነዋ። ኬሞ አያስፈልግሽም፣ ክኒን ብቻ ትውጫለሽ አሉኝ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ውስጥ የገባው ደስታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። እናቴ «ኢንሹራንሷ አልከፍልም ብሎ ይሆናል እንጂ ካንሰር ያለ ኬሞ እንዴት ይድናል?» አለች። አጎቴም «ፈረንጅ ገንዘብ ሲቆጥብ እንዲህ ነው» ብሎ ጨመረበት። እኔም አፌን ሞልቼ «አይ፣ ተሳስታችኋል» ለማለት አልደፈርኩም። ያቺን 17 ተከትዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው።

ድጓው አንድ ነው

ሰውነታችን ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዟል። የጉበቱም፣ የዓይኑም፣ የጡቱም። ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖች ብቻ 20 ሺህ ገደማ ናቸው። ታዲያ ጉበት ለምን ዓይን አልሆነም? ሁሉም ጂን ሁልጊዜ ስለማይሠራ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድጓው ውስጥ የዓመቱ ዜማ ሁሉ አለ። በክረምት ግን የሚዜመው የክረምቱ ነው፤ የፋሲካው ገጽ እዚያው ተዘግቶ ይቆያል። ዲኤንኤ ድጓው ነው። ሴሉ አንዱን ጂን ማሠራት ሲፈልግ ከመጽሐፉ ላይ አር ኤን ኤ የሚባል ቅጂ ያወጣል። ቅጂው በበዛ ቁጥር ያ ጂን ጮክ ብሎ እየተዜመ ነው። ፈረንጆቹ ጂን ኤክስፕሬሽን የሚሉት ይህንኑ ነው፤ የትኛው ገጽ ተገልጧል፣ በምን ያህል ድምፅ እየተዜመ ነው? የካንሰር ሴል ደግሞ ያለ ወቅቱ የሚያዜም ሴል ነው። ማቆም ያለበትን አያቆምም፤ መዘጋት ያለበትን ገጽ ገልጦ ይጮኻል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። «የጂን ምርመራ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከእናት ከአባት የወረስነውን ነው። እሱ ሌላ ምርመራ ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ የፊደል ስህተት አለ ወይ ብሎ ይፈትሻል፣ ለልጆችና ለእህቶችም ትርጉም አለው። የአክስቴ 17 ግን ስለ ቤተሰባችን የሚለው ነገር የለም። ያቺ አንዲት ዕጢ በወጣችበት ቀን ምን እያዜመች ነበር፤ የሚናገረው ያንን ብቻ ነው።

ከብሎክ እስከ ቁጥር

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከአክስቴ ጡት የወጣው ዕጢ መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ገባ። ከዚያ ፓራፊን በሚባል ሰም ውስጥ ተቀብሮ ጠጣር ሆነ። የፓቶሎጂ ሰዎች፣ ከሰው የወጣ ሥጋ የሚመረምሩት፣ ይህን «ብሎክ» ይሉታል፤ መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ያንሳል። ከብሎኩ ላይ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ ቁርጥራጮች ይላጣሉና ካሊፎርኒያ ወዳለ ላብራቶሪ ይላካሉ።

እዚያ ሰሙ ይወገዳል፤ አር ኤን ኤው ተጣርቶ ይወጣል። አር ኤን ኤ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። እጃችን ቆዳ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች እንኳ ይበሉታል። ፒሲአር የሚባለው ማባዣ ደግሞ የሚያባዛው ዲኤንኤን ነው። ስለዚህ አር ኤን ኤው መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ቀጥሎ ፒሲአር በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛዋል፤ በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ቀጭን እንጨት እየከተቱ ያስለመዱን ያው ፒሲአር ነው። ዋናው ጥያቄ «ስንተኛው ዙር ላይ ታየ?» የሚለው ነው። አንዱ ጂን 25ኛው ዙር ላይ ቢታይ፣ ሌላው 28ኛው ላይ ቢታይ፣ የመጀመሪያው ቅጂ ከሁለተኛው 8 እጥፍ ገደማ ነበር ማለት ነው። 3 ዙር ቀደመ፤ እያንዳንዱ ዙር ደግሞ እጥፍ ነው።

አክስቴ የተደረገላት ምርመራ ኦንኮታይፕ ዲኤክስ ይባላል። 20 ሺህ ጂን አይለካም፤ 21 ብቻ ነው። ከእነሱም 5ቱ ሚዛን ማስተካከያ ናቸው። በሁሉም ሰው ዕጢ ውስጥ በተቀራራቢ መጠን የሚሠሩ ጂኖች ስለሆኑ ሌላው ከእነሱ ጋር ይነጻጸራል። ሊስትሮ ቤት ያለች ሚዛን ላይ ከመውጣታችን በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን እንደምናየው ነው። 16ቱ ደግሞ ሥራ አላቸው፤ ሴሉ በምን ፍጥነት እየተባዛ ነው፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ይሰማል ወይ፣ ሄር 2 የሚባለው ጂን ጮኋል ወይ፣ ወደ ጎረቤት ሥጋ እየገባ ነው ወይ። እነዚህ በቀመር ይደመሩና ከ0 እስከ 100 የሆነ አንድ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉም ከፍ ይላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ቶድ ጎለብና ባልደረቦቹ ከ38 የደም ካንሰር ሕመምተኞች ናሙና ላይ 6,817 ጂኖች ለክተው ሁለቱን ዋና ዋና የአጣዳፊ ሉኬሚያ ዓይነቶች በጂኖቹ ሥራ ብቻ መለየት እንደሚቻል አሳዩ። በ2002 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰርን ጠባይ የሚተነብዩ 70 ጂኖች መረጡ። ኦንኮታይፕ በ2004 ገበያ ላይ ዋለ። ግን ገበያ ላይ መዋል አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም ተማምኖበት «ኬሞውን ተዪው» እስኪል ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ ሌላ።

የፖስታ ቴምብር ያገዘው ጥናት

መንገዱ 14 ዓመት ፈጀ። ቴይለርኤክስ የተባለው ጥናት ከ2006 እስከ 2010 ድረስ በ6 አገሮች 10,273 ሴቶችን መዘገበ። ሁሉም ካንሰራቸው ሆርሞን የሚሰማ፣ ሄር 2 ያልጮኸበት፣ ብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ያልደረሰ ነበር። ከወጪው የተወሰነው የተሸፈነው አሜሪካ ውስጥ ለጡት ካንሰር ምርምር ተብሎ ከሚሸጥ የፖስታ ቴምብር ነው። በዚያ ቴምብር ደብዳቤ የላከ ሁሉ ሳያውቀው የአክስቴን ኬሞ አስቀርቷል ማለት ነው!

ነጥባቸው በጣም ዝቅ ያለው ሴቶች ሆርሞኑን የሚያግደው ክኒን ብቻ ተሰጣቸው። በጣም ከፍ ያለው ኬሞ ተሰጣቸው። ጭቅጭቁ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ከ11 እስከ 25 ያገኙት። እነዚህ 6,711 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ክኒን ብቻ፣ ግማሾቹ ክኒንና ኬሞ። በ2018 ውጤቱ ሲነገር ከ9 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት ክኒን ብቻ ከወሰዱት 93.9 በመቶ፣ ኬሞ ከጨመሩት 93.8 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም። ፀጉር የረገፈው፣ ያ ሁሉ ማስታወክ፣ የጣት መደንዘዙ፣ ለብዙዎቹ በከንቱ ነበር።

እዚህ ላይ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ውጤቱ ለሁሉም ሴት እኩል አይሠራም። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በታች ሆኖ ነጥባቸው ከ16 እስከ 25 በሆነ ሴቶች ላይ ኬሞው የተወሰነ ጥቅም አሳይቷል። አክስቴ 58 ዓመቷ ነው። ለእሷ 17 ማለት «ክኒንሽን ዋጪ» ነው። የ44 ዓመት ሴት ያንኑ 17 ብታገኝ ግን ከሐኪሟ ጋር የምታደርገው ወሬ ረዘም ያለና ከበድ ያለ ይሆናል። አክስቴ ውጤቷን በቴሌግራም ግሩፕ ስትለጥፈው አንዷ ጓደኛዋ «እኔም 17 ነበር፣ እንዴት አንቺን ኬሞ አስቀሩሽ?» ብላ ተናደደች። ጓደኛዋ በጊዜው 43 ዓመቷ ነበር። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ይለያያሉ።

በዚህ ምክንያት ነው «ማሽኑ ወሰነልኝ» የሚለው አነጋገር የማይጥመኝ። ማሽኑ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ውሳኔ የቀየሩት ዕጣ ደርሷቸው ኬሞውን የተዉት ሴቶች ናቸው። ያንን ሲያደርጉ መዳናቸውን ማንም ዋስትና አልሰጣቸውም።

አንድ መስመር ሲዛነፍ

የዚህ ሙያ ታሪክ ግን ሁሉም እንዲህ ያማረ አይደለም። በ2006 አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ አስደናቂ ነገር አሳተሙ። የዕጢውን የጂን ሥራ ለክተን የትኛው የኬሞ መድኃኒት እንደሚሠራ መተንበይ እንችላለን አሉ። ዋናው ተመራማሪ አኒል ፖቲ ይባላል። ዓለም አጨበጨበ። ሂዩስተን ባለው የኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ያሉ ሐኪሞችም ጓጉ፤ እኛም እንጀምረው አሉ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቻቸውን፣ ኪት ባገርሊንና ኬቨን ኩምብስን፣ እስቲ እዩልን አሏቸው።

ሁለቱ ሰዎች ቢያሰሉት ቢያሰሉት ያንን ውጤት ማግኘት አቃታቸው። ሲፈትሹ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የጂኖቹ ዝርዝር በአንድ መስመር ተዛንፏል። የመጀመሪያው ጂን ቁጥር ከሁለተኛው ስም ጎን፣ የሁለተኛው ከሦስተኛው ጎን። የባሰው ደግሞ በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ «መድኃኒቱ ይሠራለታል» እና «አይሠራለትም» የሚሉት ምልክቶች ተገለባብጠዋል። እንዲህ ከሆነ ምርመራው ለሕመምተኛው የሚመርጥለት የማይሠራለትን መድኃኒት ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። ዱክ በ2007 በዚሁ ምርመራ ሕመምተኞችን መመደብ ጀምሮ ነበር።

ባገርሊና ኩምብስ በ2009 ሁሉንም አሳተሙት። ቢሆንም የዱክ ጥናት ለጊዜው ቆሞ እንደገና ቀጠለ። በመጨረሻ ያስቆመው ስታቲስቲክሱ አለመሆኑ ያስቃልም ያናድዳልም። በ2010 ፖቲ የትምህርትና የሽልማት ታሪኩ ላይ ያላገኘውን የሮድስ ስኮላርሺፕ መጻፉ ተጋለጠ። ሰው የቀመር ስህተት ለመረዳት ይቸገራል፤ ውሸት ግን ወዲያው ይገባዋል። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ሐቀኝነት መሥሪያ ቤት መረጃው ላይ ማጭበርበር እንደነበረ በይፋ አረጋገጠ።

ስለ ሠንጠረዥ ካነሳን አይቀር፤ ኤክሴልም በዚህ ሙያ ላይ ብዙ ተንኮል ሠርቷል። ሴፕት 4 የሚባል ጂን ነበር። ኤክሴል ላይ ሲጻፍ ፕሮግራሙ «አሃ፣ ሴፕቴምበር 4!» ብሎ ወደ ቀን ይቀይረዋል። በእኛ ነሐሴ 29 መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ሳያስተውሉ ስንትና ስንት ጽሑፍ በቀናት ተሞልቶ ታተመ። በመጨረሻ ኤክሴል አልቀየርም ሲል በ2020 የጂኖቹ ስም ተቀየረ። ይህን ጂን ታች ላይ ቲቢ ስናወራ እናገኘዋለን።

ቁጥሩ ውስጥ ማን አለ?

አክስቴ ጥቁር ናት። ቴይለርኤክስ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች ጥቁሮቹ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ነጥባቸው ከነጮቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ካንሰሩ ተመልሶ የመጣባቸውና የሞቱት በልጠው ተገኙ። አሜሪካ ውስጥ ከ86 ሺህ በላይ ሴቶች መዝገብ የተመለከተ በ2021 የወጣ ጥናትም በተመሳሳይ የነጥብ ክልል ውስጥ የጥቁር ሴቶች ሞት ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ምክንያቱ ላይ እስካሁን ይከራከራሉ። ዘግይቶ መታከም ነው? ኢንሹራንስ ነው? ክኒኑን ማቋረጥ ነው? ወይስ 21ዱ ጂኖች ሲመረጡ የእነሱ ዕጢ በበቂ ቁጥር ስላልነበረ? ሁሉም ድርሻ ያለው ይመስለኛል።

«ጥቁር» የሚለው ቃል ራሱ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። የአሜሪካዊቷ የጡት ካንሰር ሐኪም የሊሳ ኒውማን የምርምር ቡድን ከጋናና ከኢትዮጵያ የመጡ የጡት ካንሰር ናሙናዎችን ጎን ለጎን አይቶ ነበር። ሆርሞን የማይሰማው፣ ሄር 2ም የማይጮኽበት አስቸጋሪው ዓይነት በጋናውያኑ ዘንድ ከግማሽ በላይ ሆነ። በኢትዮጵያውያኑ 15 በመቶ ገደማ፤ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ቁጥር። አዲስ አበባ ላይ 352 ሕመምተኞችን ያካተተ በ2014 የታተመ ጥናትም ከእነሱ 65 በመቶ ያህሉ ካንሰራቸው ኢስትሮጅን የሚሰማ መሆኑን አግኝቷል።

ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ እንደ ዜና ግን ሲወራ አልሰማሁም። አብዛኛዎቹ የአገራችን የጡት ካንሰር ሕመምተኞች ታሞክሲፈን የሚባለው ርካሽ ክኒን ሊጠቅማቸው ይችላል ማለት ነው። ችግሩ ማን እንደሚጠቅማት ማወቁ ላይ ነው።

ፌስታሉ ታክሲ ውስጥ

ሰፈራችን አንዲት እናት ጡታቸው ተቆርጦ ሲወጣ ልጃቸው ናሙናውን በፕላስቲክ ዕቃ ተቀበለች። ፎርማሊን ውስጥ ነው። በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ፣ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ወሰደችው። ያንን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ መቀመጧን ስትነግረኝ ሆዴ ተላወሰ። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሆስፒታል ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል። መመሪያው የሚለው ሥጋው ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ይግባ፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ድረስ ይቆይ ነው። አንሶ ከቆየም፣ በዝቶ ከቆየም፣ ፎርማሊኑ ከቀጠነም ውጤቱ አይታመንም። አር ኤን ኤ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይበላሻል።

ስለዚህ ኦንኮታይፕ አዲስ አበባ ይምጣልን ማለት አልችልም። እንዲያውም አሁን ቢመጣ ብዙም አይጠቅመንም ባይ ነኝ። አንደኛ ዋጋው 4 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ሁለተኛ፣ ይህኛው ይበልጣል፣ ምርመራው የተሠራው ገና በጠዋቱ ለተያዘ ካንሰር ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛዋ ሴት ሆስፒታል የምትደርሰው ዕጢው ካደገ፣ ብብቷ ሥር ከገባ በኋላ ነው። ለእሷ ኬሞ ይቅር ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልደረሰም። የእሷ ጥያቄ ካንሰሬ ሆርሞን ይሰማል ወይ የሚለው ነው። ያንን የሚመልሰው የተለመደው የፓቶሎጂ ቀለም ምርመራ በጥቂት ቦታ ብቻ ይሠራል፤ ከከፈሉ ነው፣ ከጠበቁ ነው።

እዚህ ላይ ነው የጂን ሥራ ልኬት ባልተጠበቀ በር የሚገባው። በየሆስፒታሉ ጂን ኤክስፐርት የሚባል ማሽን አለ። አገሪቱ ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ስሙ ሌላ ነገር ቢያስመስለውም ሥራው ቲቢ ነው፤ አክታው ይገባል፣ ባክቴሪያው አለ ወይ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን የቲቢ መድኃኒት ይቋቋማል ወይ ይላል። ማሽኑ ራሱ ግን ትንሽ ፒሲአር ነው። ምን እንደሚለካ የሚወስነው የሚከተትበት ካርትሪጅ ነው። ለጡት ካንሰር የተሠራ ስትራት 4 የሚባል ካርትሪጅ አለ። የ4 ጂኖችን አር ኤን ኤ ይለካል፤ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ ሄር 2 እና የመባዛት ፍጥነት የሚያሳየው ኬአይ 67። ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ መልስ ይሰጣል። ሩዋንዳ ቡታሮ ባለው የካንሰር ሆስፒታል ናሙናዎች ላይ ተሞክሮ ከቀለሙ ምርመራ ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። 21 ጂን አይደለም። 4 ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን 4 ይበቃል።

በዚያው ማሽን የሚሠራ ሌላ ካርትሪጅ ደግሞ ለአንድ የደም ካንሰር ዓይነት ነው፤ ሲኤምኤል ለሚባለው። ይህ ካንሰር የሚነሳው ሁለት ጂኖች ተቆርጠው በስህተት ሲጋጠሙ ነው። ቢሲአር ኤቢኤል ይባላል ውህዱ። ኢማቲኒብ የሚባለው መድኃኒት ከ2001 ጀምሮ ይህን በሽታ ከሞት ፍርድ ወደ ክኒን የሚዋጥለት ሕመም ቀይሮታል። የእኛም ሕመምተኞች ጥቁር አንበሳ በዕርዳታ በነፃ ሲያገኙት ኖረዋል። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው የውህዱን አር ኤን ኤ በየጊዜው በመለካት ነው። በ3 ወር ከ10 በመቶ በታች ወረደ ወይ? በዓመቱ ከ0.1 በመቶ በታች ሆነ ወይ? ካልወረደ ሕመምተኛው ክኒኑን እየዘነጋ ነው፣ ወይም መድኃኒቱ ይቀየርለት። ለዓመታት በጣም ዝቅ ብሎ ከቆየ ደግሞ በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን ማቆም የሚቻልበት ዕድል አለ፤ ከሚያቆሙት ግማሽ ያህሉ በሽታው አይመለስባቸውም። ምርመራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ቁጥሩ በወጣ ማግስት አንድ ሰው የተለየ ነገር ያደርጋል።

ዋጋው ላይ ግን ራሳችንን አንሸውድ። የቲቢው ካርትሪጅ በ2023 ወደ 8 ዶላር ገደማ የወረደው ዓለም አቀፍ ጩኸት ተጩሆ ነው። ቅናሹ የቲቢ ነው። የካንሰሮቹ ካርትሪጆች በብዙ እጥፍ ይወደዳሉ፤ ጩኸቱ ለእነሱ ገና አልተጮኸም። ማሽኑም አብዛኛውን ጊዜ 4 ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ የአክታው ወረፋ ሳያልቅ የጡቷን ናሙና ማን ያስገባዋል?

ደሙ ቀድሞ ሲናገር

ስለ ቲቢ ካነሳን፣ የጂን ሥራ ልኬት የእኛን ሰው በቀጥታ ያካተተበት ምርምር እዚሁ ነው። ቲቢ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ብዙዎቹ ባክቴሪያው ይገባባቸዋል፤ የሚታመሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ማን እንደሚታመም ደሙ አስቀድሞ ይናገር ይሆን? ይህን ለማየት በደቡብ አፍሪካ፣ በጋምቢያና በኢትዮጵያ የሕመምተኛ ቤተሰቦች ለዓመታት ተከታተሏቸው። የእኛ ድርሻ የተሠራው አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ባለው በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በኩል ነው። በ2018 ውጤቱ ሲታተም 4 ጂኖች ብቻ ያሉት ምልክት ወጣ። በሽታው ከመታየቱ ከወራት በፊት፣ አንዳንዴም ከዓመት በፊት፣ የነጭ የደም ሴሎች ዜማ መቀየር ይጀምራል። ከ4ቱ አንዱ ያ ኤክሴል ነሐሴ 29 ያለው ሴፕት 4 ነው።

ማወቅ ግን ማዳን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ላይ 11 ጂን ባለው ሌላ ምልክት 2,923 ሰዎችን የያዘ ጥናት ተሠራ። ምልክቱ አደጋ ላይ ያሉትን ለይቷል። ለእነሱ የተሰጠው የ3 ወር መከላከያ መድኃኒት ግን በ2021 እንደተነገረው የታማሚውን ቁጥር ይህን ያህል አልቀነሰውም። ካነበብኩት ሁሉ፣ ከቴይለርኤክስም ይልቅ፣ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለዚህ ጥናት ነው። ያው ዓይነት ሳይንስ፣ ያው ዓይነት ጥንቃቄ፤ ቀጥሎ የሚሰጠው መድኃኒት ግን አልሠራም። ሌላም እንቅፋት አለ። እነዚህ ምልክቶች በአብዛኛው የሚያዳምጡት ኢንተርፌሮን የሚባለውን የሰውነት የማንቂያ ደወል ነው። ደወሉን ደግሞ ኢንፍሉዌንዛም ኮቪድም ይደውሉታል።

የሆነው ሆኖ ተስፋ ካለ ሕፃናት ዘንድ ነው። የ3 ዓመት ልጅ «ከደረትህ አክታ አውጣ» ቢባል አያወጣም። ከጣት ጠብታ ደም ወስዶ 3 ጂን የሚለካ ካርትሪጅ ለዚያው ለጂን ኤክስፐርት ተሠርቶ አፍሪካ ውስጥም ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ያስቀመጠው መስፈርት ከ100 ታማሚ 90ውን ይያዝ፣ ከ100 ጤነኛ ቢያንስ 70ውን ነፃ ያውጣ የሚል ነው። ሁለተኛው ነው አስቸጋሪው።

አክስቴ ክኒኗን ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል ትላለች፤ የክኒኑ ጠባይ ነው። 4 ዓመት ይቀራታል። እናቴ አሁንም ልቧ አላረፈም። በተደዋወሉ ቁጥር ሰላምታው ሳያልቅ ትጠይቃታለች፦

«ያ ቁጥር እንዴት ሆነ? ጨመረ ወይስ ቀነሰ?»

«እቴዋ፣ እሱ እኮ አንዴ ነው የሚለካው። ዕጢው ወጥቷል፣ ምኑን ይለኩታል?»

«ይሁን እስቲ» ትላለች እናቴ። ሳምንት ቆይታ መልሳ ትጠይቃታለች።